ሦስት ጊዜ ያልተጠየቀ ሰው

ባለቤቴ ጀላልዲን በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» የሚል ሰው አይደለም። ደሴ፣ እናቴ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን ምሳ ቀረበለት። «አልሐምዱሊላህ፣ በልቻለሁ» አለ። እናቴ «በነቢ ብላ» አለችው፣ «በሞቴ» አለችው፤ ሦስተኛው ላይ እጁን ይዛ ወደ ትሪው ስትስበው ለአራት ሰው የቀረበውን ብቻውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ከሄደ በኋላ እናቴ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ይሉኝታ ያውቃል» አለች። እኔም አገባሁት። ያ ይሉኝታ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ ሊገድለው ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከቤታችን፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ልጀምር።

ጀላልዲን ታክሲ ነጂ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ናሽናል ኤርፖርት ተሰልፎ የሰው ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ ኖሯል። እኔ እዚሁ አሌክሳንድሪያ አንድ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ እሠራለሁ፤ ፀጉሬን በመረብ ሸፍኜ ለስድስት መቶ ልጅ ምሳ አወጣለሁ። ጀላልዲንን ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ልጃችን ሲሐም ሎረል የምትኖር ፋርማሲስት ናት፤ ክንዱ ላይ ኳርተር ሳንቲም የምታህል የስኳር መለኪያ ሴንሰር የለጠፈችለት እሷ ናት። የስኳሩ ቁጥር በእሱም፣ በእኔም፣ በእሷም ስልክ ላይ ይታያል። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሳ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ያያል፤ እኔ የማየው የባሌን ስኳር ነው። ልጆቹ ምሳ ሊወስዱ ተሰልፈው እንኳ በጓንቴ ስልኬን ነካ አደርጋለሁ፤ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

ባለፈው ዓመት ከረመዳን በኋላ ጀላልዲን ለሐጅ ነይቻለሁ አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ሙቀት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ከረሜላ ኪሱ ውስጥ መያዝ የሚረሳ ሰው። እንደ ወጉ «አብረን እንሂድ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ወጉ «አይ፣ አንተ ቅደም፣ እኔ ጉልበቴም አያስኬደኝ» አልኩት። እሱም «እሺ» ብሎ ተወው። ሦስቴ ካልተለመነ ጉርሻ የማይቀበል ሰው እኔን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ተወኝ። አልተናገርኩትም፣ ግን አልረሳሁትም።

ማመልከቻውን ኦንላይን የምትሞላውም፣ ከዶክተሩ ጋር የምታወራውም ሲሐም ስለሆነች ቃሉ የእሷ ነው። እዚያ በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ማይል በእግር የሚኬድበት ጊዜ አለ አለችው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አራት ቀን በተከታታይ ተጉዞ ያሳያት። ቁጥሩ ከሃምሳ አምስት በታች አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከወረደ ግን ሐጅ የለም። እሱም ተስማማ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞከረው። አልሆነም። ጀላልዲንን በእግሩ ሲሄድ ያየ ያገር ሰው ሁሉ መኪናውን ያቆማል። የታክሲ ጓደኛው ደሳለኝ መስኮቱን አውርዶ «ምነው፣ መኪናህ ተበላሸ?» ይለዋል። ስፖርት ነው ይላል ጀላልዲን። «በእናትህ ግባ» ይለዋል። አይገባም። «እንዳንተዋወቅ ካልገባህ» ሲለው ይገባል። አንድ ቅዳሜ ለስምንት ማይል ብሎ በሆምስ ረን የእግር መንገድ በኩል የወጣ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለልኝ፤ አናንዴል ሰው ቤት ተቀምጦ ምሳ እየበላ ነበር። ሲሐም ይህን ስትሰማ አባቷ አንድም የሚያውቀው ሰው የሌለበት አገር ሄዶ ካልሆነ መቼም በእግሩ እንደማይሄድ ገባት።

ያን ጊዜ ነው ሚስ ኢሊን የመጣችው። ሚስ ኢሊን ኦልድ ታውን የምትኖር የስኮትላንድ ተወላጅ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ለጉልበቷ ሕክምና የሚያመላልሳት ጀላልዲን ነው። ሺና የምትባል የአጎቷ ልጅ ገጠር ውስጥ፣ እኔ ስሟን እስከ ዛሬ አስተካክዬ መጥራት ባቃተኝ ትንሽ ከተማ፣ ቤቷን ለእንግዳ ታከራያለች። ሰው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ሻንጣው በቫን ይከተለዋል፣ ማታ ትኩስ ምግብና ንጹሕ አልጋ ይጠብቀዋል። ሚስ ኢሊን «ሂድና አገሬን እይልኝ» ባለችው ቁጥር ጀላልዲን «ኢንሻአላህ» ሲላት ነው የኖረው። ዘንድሮ እሷና ሲሐም በስልክ ተነጋግረው ጨረሱት። ሲሐም ለሺና ኢሜይል ጻፈችላት፤ አባቴ ስኳር አለበት፣ ሁለቱም የአሳማ ሥጋ አይበሉም አለቻት። እኔ አብሬው የምሄደው እንደ ነርስ ነው። በልቤ ደግሞ እንደ እስር ቤት ጠባቂ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ቀድሜ የፈራሁት ነገር አይደርስም ብዬ ስለማምን ሁሉንም ቀድሜ ፈራሁት። በሶ ያዝኩ፣ ቆሎ ያዝኩ፣ ዳቦ ቆሎ ያዝኩ። ቋንጣውን ኤርፖርት ላይ አንድ ጨዋ ሰውዬ ሥጋ ወደ አገራቸው እንደማይገባ ነግሮ ወሰደብኝ። ሌላው ተረፈ፤ ተርፎ ግን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ገባ፣ ትልቁ ሻንጣ ደግሞ ቫን ላይ። ለመንገድ በጀርባዬ የያዝኩት አንድ ከረጢት የመዲና ቴምር፣ ሁለት ትንንሽ ጁስና ውኃ ብቻ ነበር። ከምግብ በፊት የሚወጋው የኢንሱሊን መርፌ እንደ ልማዱ ጀላልዲን ወገቡ ላይ በሚታጠቃት ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሰኞ ዕለት በጁን መጨረሻ፣ አውቶቡስ ካወረደን መንደር ተነስተን ዘጠኝ ማይል ጀመርን። መንገዱ በድንጋይ አጥርና በበግ መካከል ያልፋል፤ በየመቶ እርምጃው ከፍተን የምንዘጋው የእንጨት በር አለ። ካፊያው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ጀርባችን ሳይደርቅ ደግሞ ይመለሳል። መኪና የሚያቆምልን ሰው የለም። ጀላልዲን እንደ ልጅ ሆነ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ኮረብታውን እያየ መንዙማ ያንጎራጉራል፤ በጉን ሁሉ ሰላም ይላል። እኔ ኮረብታውን አላየሁትም። መቶ ሃምሳ ሁለት። መቶ ሃያ ስድስት። ዳገቱ ላይ ሰማንያ ስምንት ሲሆን አስቁሜ ሁለቱንም ጁስ አጠጣሁት፤ አንዱ ይበቃው ነበር፣ ግን ፈርቼ ሁለቱንም ከፈትኳቸው። ቁጥሩ ተመለሰ። «አየሽ፣ ምንም የለም» አለኝ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ ሰውዬና ሚስቱ ድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። ጀላልዲን ሰው ሲበላ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ቦርሳውን ከጀርባዬ አወረደና ቴምር አቀረበላቸው። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉት። ጀላልዲን ይህን እምቢታ ብሎ ሊቀበል? እንደገና ዘረጋላቸው፣ ከመዲና የመጣ ነው አለ፣ ለነቢዩ ከተማ ሲሉ አንድ አለ፣ ሰውዬው ቀይ እስኪሆን ለመነው። አንድ አንድ ወሰዱ። ወደዱት። ሲወዱት ደግሞ ከረጢቱን እንዳለ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጦላቸው «ለልጆቻችሁ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ በዓይኔ እየተቆጣሁት ነው፤ በሰው ፊት እንዴት አድርጌ የሰጠኸውን መልስ ልበለው? ሲርቁ ነገርኩት። «ሁለት ማይል ቀረን፣ ማታ ምግብ አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁለት ማይል ነበር የቀረው። ሳንወድቅ ደረስን። ቁጥሩ መቶ አርባ ስምንት ነበር።

ሺና ወደ ሰባ የሚጠጋት፣ ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች ሴት ናት፤ በሩን የከፈተችልን አንድ ትልቅ እርጥብ ውሻ አጠገቧ ቆሞ ነው። ውሻው እንዳይነካኝ ወደ ግድግዳው ተለጠፍኩ፣ እሷም አየችኝና አንገቱን ያዘችልኝ። ቫኑ እንደዘገየ ነገረችን፤ ሻንጣችን ገና አልመጣም። ቤቱን ሁሉ የምስር ሽታ ሞልቶታል።

«ዛሬ ሰኞ ነው፣ የመጠጥ ቤቱ ኩሽና ዝግ ነው፤ ሱቁም ተዘግቷል» አለች። «እኔ የምስር ሾርባ ሠርቻለሁ፣ ለእናንተ ብዬ ሥጋ አልከተትኩበትም። ትበላላችሁ?»

ጀላልዲን እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፤ ጠግበናል፣ አትቸገሪ» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። ሆዴ ይጮሃል። እኔም፣ ሞኟ፣ ምንም አያስፈልገንም አልኩ። «መልካም» አለችና ቁልፉን ሰጠችን፤ ቁርስ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደሆነ፣ ሙቅ ውኃው ትንሽ እንደሚዘገይ ነግራን ወደ ኩሽናዋ ገባች። ኩሽናው በር ላይ «የግል» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ አለ።

ክፍላችን ፎቅ ላይ ናት። ጀላልዲን እጁን ታጥቦ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ የሸሚዙን ጫፍ ወደ ሱሪው እየመለሰ ነው። ያቺን እንቅስቃሴ አውቃታለሁ።

«ወጋህ እንዴ?» አልኩት።

«ሾርባው ሊደርስ ነው እኮ። ሲሐም ከምግብ አሥራ አምስት ደቂቃ በፊት አላለችም?»

«አልበላም አላልክም?»

«አንቺ ደግሞ። ልብስ እስክንለውጥ ጠብቃ ትጠራናለች።»

አፉ አልበላም አለ፣ እጁ ግን ለሚበላው መርፌውን ወጋ። ልስቅበት አሰብኩ፤ ቀጥሎ ግን ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ እንደሚወድቅ ትዝ አለኝ። ከሁሉ የሚገርመው እኔም ትጠራናለች ብዬ አምናለሁ። የትኛዋ ሴት ናት ሾርባ ሠርታ፣ እንግዳ በእግሩ ዘጠኝ ማይል መጥቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ የምትተው? ፊቴን ታጥቤ፣ ሻርፔን አስተካክዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠ። ለሰርግ እንደተጠሩ ሰዎች በሩን እያየን ጠበቅን።

መቶ ሠላሳ አንድ፤ ከጎኑ ወደ ታች የምትጠቁም ቀስት። መቶ አራት፤ ሁለት ቀስት።

ታች በር ተዘጋ። በመስኮቱ ሳይ ሺና ውሻዋን ይዛ፣ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ መንገዱን ይዛ ትሄዳለች። ብርሃኑ ገና እንደ ቀትር ነው፤ እዚያ አገር በጁን ቀኑ አልመሽም ብሎ ያስቸግራል። ጀላልዲንን ሄደች አልኩት። «ውሻውን አናፍሳ ትመጣለች፤ ያኔ ትጠይቀናለች» አለኝ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ።

ቦርሳውን ገለበጥኩት። ባዶ የጁስ ቆርቆሮ፣ እርጥብ ካልሲ፣ ካርታ። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዳ የተቀመጠ የሻይ ትሪ ነበር፤ አላህ ይስጥልኝ ብዬ ዘለልኩበት። ማፍያ አለ፣ ሻይ አለ፣ ኩባያ አለ። ስኳር የለም። ብስኩት የለም። በስኳሩ ቦታ ስኳር የሌለው ማጣፈጫ የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው በእጅ ጽሑፍ «ለጤናዎ ሲባል ስኳሩን ሁሉ አንስቻለሁ፣ ሺና» የሚል ካርድ። ልጄ ኢሜይል ጽፋላታለች፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከአንጀቷ ታዝዛለች። አንዲት የስኳር ፍሬ ሳታስቀር ክፍሉን አጽድታዋለች።

ሰባ ዘጠኝ።

«ልውረድ» አልኩት። «ኩሽና ገብቼ ስኳር ላምጣ።»

«ነውር ነው» አለኝ። ቃሉ ተጎተተ። «በሩ ላይ የግል ይላል። እንግዳ የሰው ማጀት አይገባም። ትንሽ ጠብቂ፣ ትመጣለች።»

ነውር መሆኑንማ እኔ አጥቼው ነው? ሃያ ዓመት ኩሽና ውስጥ ስሠራ አስተማሪ እንኳ መስመሯን አልፎ ሲገባ እጄን ዘርግቼ የማስወጣ ሴት ነኝ። ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለ ራሴ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ደግሞ አሁን ልናገር፦ ቁጥሩ ሲወርድ ልቤ ውስጥ አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለ። ከሃምሳ አምስት ከወረደ ሐጅ ቀረ። ሐጅ ከቀረ ያ ሕዝብ መካከል ወድቆ የሚሞተው ሰው ቤቱ ይቀራል፣ እኔ ጋ ይቀራል። ቁጥሩ ይውረድ አላልኩም፣ አላህ ያውቃል። ግን አንድ ደቂቃ፣ ምናልባትም ሁለት ደቂቃ ተቀምጬ አየሁት።

ስልኮቻችን አብረው ጮኹ። ስድሳ ሁለት። በዚያው ቅጽበት ሎረል ያለው ስልክም እንደሚጮህ አውቃለሁ። ወዲያው ሲሐም ኮል አደረገች። አላነሳሁም። ደግማ ኮል አደረገች። ካነሳሁት የሐጁ ነገር አለቀ። ጀላልዲን ያየኛል፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አይደለም፣ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ነው። «ሾርባው ደረሰ?» አለኝ። እጁን ስይዘው በረዶ ነው፣ ሸሚዙ ደግሞ ከላቡ የተነሳ ተጣብቋል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። የግል የሚለውን በር ከፈትኩት። ሾርባው ምድጃው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ጨው፣ ዱቄት፣ ሩዝ። ሌላውን ከፈትኩ፤ ብርጭቆ። የስንቱን ኩሽና ዕቃ ዓይኔን ጨፍኜ የማገኝ ሴት የሰው ማጀት ሲሆንብኝ እጄ ታሰረ። ከላይ መደርደሪያው ላይ የእንጆሪ ማርማላታ አየሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ማንኪያ ስፈልግ ውሻው መጥቶ ቀሚሴን አሸተተኝ፤ ዞር ስል ሺና በሩ ላይ ቆማለች፣ ካፖርቷ ይንጠባጠባል።

ሌባ በእጁ እንደያዘ ሲያዝ እንዲህ ነው። ስንት የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ባሌ» አልኩ። «ስኳሩ ወርዷል። እባክሽ።»

አልጠየቀችኝም። ከማቀዝቀዣው ጁስ መንጭቃ ደረጃውን ከእኔ በፊት ወጣችው። እሷ ራሱን ደግፋ ጁሱን አጠጣችው፣ እኔ ማርማላታውን በማንኪያ አጎረስኩት። አፉን ሲከፍትልኝ እንደ ሕፃን ነው። ስልኩ ላይ ሃምሳ አንድ ይላል። ሺና ተንበርክካ የእጁን አንጓ ይዛ ጠበቀች፤ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደባልቄ አነበብኩ። ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ሦስት። ስድሳ። ከዚያ ጀላልዲን ዓይኑን አነሳና ሺናን አያት፣ በጣም አፈረ፣ በእንግሊዝኛም «ይቅርታ፣ አስቸገርንሽ» አላት። ያን ጊዜ መዳኑን አወቅሁና ፎጣ ውስጥ ፊቴን ደብቄ አለቀስኩ።

ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፣ የግል የሚለውን በር አልፈን። ሺና ሾርባውን ቀዳችልን። ምስሩ ቅመም የሌለው ቢሆንም እንደዚያ ቀን ምስር በልቼ አላውቅም። ስንበላ አየችንና፣ እየተቆጣች ሳይሆን የምሯን ሊገባት ፈልጋ፣ ስጠይቃችሁ ለምን አይ አላችሁኝ አለችኝ። ምን ልበላት? አገራችን ውስጥ እንግዳ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ አይልም አልኳት፤ ስግብግብ ይባላል። ባለቤቱ ይለምናል፣ እንግዳው እምቢ ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ይለምናል። እሷም በበኩሏ፣ አይ ያላትን ሰው ደግማ ብትጠይቅ እንደ ንቀት እንደሚቆጠርባት ነገረችኝ።

«ስንት ጊዜ ነው መጠየቅ የሚገባኝ?» አለች።

«ሦስት ጊዜ» አልኳት።

ዳቦውን አንስታ ወደ ጀላልዲን ዘረጋች። «ዳቦ? ዳቦ? ዳቦ?» አለችው በአንድ ትንፋሽ፣ ፊቷ ሳይስቅ። ጀላልዲን ሳቀ። ሲስቅ ሳየው ስልኬ እንደገና ጮኸ። አምስተኛዋ ኮል ነበረች። አሁን አነሳሁት።

የሲሐም ፊት ስልኩን ሞልቶታል፤ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሥራ ቦታዋ መጋዘን ውስጥ ቆማለች። እንዳለቀሰች ያስታውቃል። ሃምሳ አንድ መግባቱን አይታለች። ደህና ነው አልኳት፣ አሁን ዘጠና ስድስት ነው አልኳት፣ እሷም የምለውን በራሷ ስልክ እያየች ነው። ከዚያ ፊቷ ጠነከረ። በእንግሊዝኛ፣ ሥራ ላይ በምታወራበት ድምፅ፣ ዳድ፣ ስምምነት ነበረን አለችው፤ ሐጁ ይቅር።

ጀላልዲን ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሺ ልጄ» አለ። «ይቅር። ግድ የለም።»

ነገሩ አለቀ። የፈለግኩት ሆነ። ባሌ ቤቱ ይቀራል፤ እኔም በሰላም እተኛለሁ። ሲሐም እንባዋን እየጠረገች «ኦኬ» አለች። ጀላልዲንም ማንኪያውን እንደገና አንስቶ ሾርባ እንዳለው ሰው ይጨልፋል፤ ጠርጎ የጨረሰውን ባዶ ሳህን ነው የሚጨልፈው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ግድ የለም» ሲል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ምሳ ሲቀርብለት በልቻለሁ ያለው ድምፅ ራሱ ነው። ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩት።

«ደግመሽ ጠይቂው» አልኳት።

«እማዬ፣ ሂ ሴድ ኦኬ፣ እሺ ብሏል።»

«ብሏል። ደግመሽ ጠይቂው። መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብለሽ።»

ግራ ገባት። ቢሆንም ጠየቀችው፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፦ መሄድ ትፈልጋለህ? ጀላልዲን ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሮ «ይቅር አልኩ እኮ፣ አንቺ አትጨነቂ» አላት። ስልኩን አላወረድኩም። ሦስተኛ አልኳት። ሺና አማርኛ አትሰማም፤ ግን እጇ ውስጥ የያዘችውን ዳቦ ሳታስቀምጥ ታየን ነበር። ሲሐም ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው።

ጀላልዲን ባዶ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ።

«ስንቱን ሐጃጅ ዳለስ ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል። «ሻንጣቸውን አውርጄ፣ በር ላይ ዱዓ አድርጉልኝ ብዬ፣ ባዶ መኪናዬን ይዤ እመለሳለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት። እፈልጋለሁ፣ ልጄ። በጣም ነው የምፈልገው።»

በትዳራችን ሠላሳ አራት ዓመት «እፈልጋለሁ» ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ሲሐምም ሰምታው አታውቅም፤ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። የቀሩትን ሦስት ቀናት ይሂድና እንይ አለች። ከዛሬ ጀምሮ ምግብ ሲቀርብለት በመጀመሪያው «እሺ» ይበል፤ ሳህኑ ፊቱ ሳይቀመጥ መርፌው ከቦርሳው አይውጣ። ደግሞም ሐጅ ብቻውን አይሄድም አለች። ጀላልዲን በሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሲሐም ስልኩን ወደ ራሴ እንዳዞረው ነገረችኝ።

«አንቺስ እማዬ? አብረሽው መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ፍርሃቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ካዕባን አሰብኩ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ተጠይቆ የተተወውን ጥያቄ አሰብኩ። አፌ ግን የለመደውን ነው የሚያውቀው።

«አይ» አልኳት። «እኔ ምን ላደርግ። ጉልበቴም አያስኬደኝ።»

ጀላልዲን ቀና ብሎ አየኝ። ሲሐም ሁልጊዜ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ዕለት ግን በአማርኛ «አንድ» አለችና ሁለተኛውን ልትጠይቀኝ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት።